ሞኒተሩ ደህና፣ ላፕቶፑ ደህና፣ ኬብሉም አዲስ፤ ግን አይተዋወቁም

ያገለገለ ሞኒተር የገዛሁት ዓይኔን አሞኝ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው። በአንድ በኩል የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ በሌላ በኩል ኤክሴል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ቁጥሩ እንደ ጤፍ ይደቅቃል። አንዱን ዘግቼ ሌላውን ስከፍት ደግሞ የቱ መስመር ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ወር መዝጊያ ሲደርስ ማታ ማታ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ትልቅ ስክሪን ግዢና ተገላገዪ" አለችኝ። እሷ ሁለት ስክሪን ከያዘች ቆይታለች። እኔም መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ሄጄ ገዛሁ። 24 ኢንች ነው። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሲሠራበት የቆየ ዕቃ ነው፤ እግሩ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ጭረት የለም። ሻጩ ፊቴ ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ አሳየኝ። ምስሉ ኩልል ያለ ነበር።

ከዚያ ስለ መሰኪያው ተነጋገርን። የእኔ ላፕቶፕ ምስል የሚያወጣው በኤችዲኤምአይ ነው። ሞኒተሩ ግን ከኋላው ኤችዲኤምአይ የለውም። ሻጩ ጎንበስ ብሎ አየና "ችግር የለም እህቴ፣ ለዚህ የሚሆን ኬብል አለ" አለኝ። አንዱ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ጫፉ ዲስፕሌይፖርት የሆነ ኬብል አወጣ፤ ዲስፕሌይፖርት ሞኒተሩ ከኋላው ያለው ሌላ ዓይነት የምስል መሰኪያ ነው። ኤችዲኤምአዩ ላፕቶፔ ላይ ልክ ገባ። ዲስፕሌይፖርቱም ሞኒተሩ ላይ ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። በልኩ ከገባ ይሠራል ብዬ አመንኩና ከፍዬ ወጣሁ።

ሞኒተሩን የሞከርነው በሱቁ ኮምፒውተር እንጂ በእኔ ላፕቶፕ አልነበረም። ላፕቶፑ እጄ ላይ ነበር። አምስት ደቂቃ ቆሜ በራሴ ላፕቶፕ፣ በገዛሁት ኬብል ሞክሩልኝ ብል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሞኒተር ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ኮምፒውተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ የሚያሳያችሁ ሞኒተሩ ብቻውን መሥራቱን ነው። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ ከእናንተው ዕቃ ጋር መሥራቱን ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ጠረጴዛውን አጸዳሁ። ከመሰካቴ በፊት ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። 100-240 ይላል። ይህ ማለት ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ የእኛን 220 ይችለዋል ማለት ነው። ከ110 ቮልት አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ስላልሆነ ሳታነቡ አትሰኩ።

ሰካሁት። የአምራቹ ምልክት ብልጭ አለ። ቀጥሎ ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ኖ ሲግናል የሚል መጣ። አምስት ሰከንድ ያህል ቆየና ጠቆረ። አረንጓዴው መብራት ብርቱካናማ ሆነ። ላፕቶፑ ዝም። ስክሪኑ እንኳ ብልጭ አላለም።

ይህቺን ብልጭታ አስታውሷት። ላፕቶፕ አዲስ ሞኒተር ሲያገኝ የራሱ ስክሪን ለአፍታ ጠፋ ብሎ ይመለሳል፤ አንዳንዱም ድምፅ ያሰማል። ብልጭታው ካለ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን አይቶታል፤ የቀረው ማስተካከል ነው። ብልጭታው ከሌለ ግን መልእክቱ ጨርሶ አልደረሰውም። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ሁለቱን ለይቼ ባውቅ ግማሹን ድካም እተርፍ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዤ የፒ (P) ፊደልን ተጫንኩ። አራት ምርጫ ይመጣል። ፒሲ ስክሪን ኦንሊ የሚለው ላይ ከሆነ ሞኒተሩ ቢሰካም ምንም አይወጣበትም፤ ስለዚህ ዱፕሊኬት ወይም ኤክስቴንድ ላይ አድርጉት። እኔ ኤክስቴንድ አልኩት። ምንም የለም። ሴቲንግስ ገብቼ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ወረድ ብሎ መልቲፕል ዲስፕሌይስ የሚለው ሥር ዲቴክት የምትል ቁልፍ አለች። ነካኋት። ሌላ ስክሪን አላገኘሁም አለኝ። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የቢ (B) ፊደልን አንድ ላይ መጫን የምስሉን ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ የምስሉን ክፍል የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ስክሪኑ ጠፍቶ ተመለሰ፤ ሞኒተሩ ግን እንደተኛ ነው። ሪስታርት አደረግሁ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። ገለበጥኩት፤ አይገለበጥም እንጂ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ሆነ።

በማግስቱ የባለቤቴ ወንድም መጣ። ነገሩን ስነግረው ሳይቀመጥ "ፎርማት ይደረግ" አለ። እዚህ አገር ላፕቶፕ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ የሚታዘዝለት መድኃኒት ፎርማት ነው። አልተቀበልኩትም፤ የሦስት ድርጅት መዝገብ ያለበት ማሽን ነው። እንኳን አልተቀበልኩት። ፎርማት የተደረገ ላፕቶፕ የምስል ድራይቨሩ ካልተጫነለት ደህናውን ሞኒተር እንኳ ላያውቀው ይችላል። ለማጣራት ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ካያችሁ ትክክለኛው ድራይቨር የለም ማለት ነው፤ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የሞዴሉን ቁጥር ፈልጋችሁ ጫኑት። የእኔ ላይ ትክክለኛው ስም ነበር። ስለዚህ ድራይቨር አይደለም።

ሦስተኛው ቀን ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ላፕቶፑን፣ ሞኒተሩን፣ ኬብሉን፣ ሦስቱንም ተሸክሜ። ቴክኒሺያኑ ትሑት ልጅ ነው። ሰክቶ አየ። ሌላ ጊዜ ሰክቶ አየ። የላፕቶፑን መሰኪያ በመብራት ተመለከተና "ኤችዲኤምአዩ ተቃጥሏል፤ ቦርዱ ተፈትቶ መሰኪያው ይቀየራል" አለኝ። 6,000 ብር ጠየቀኝ። ላፕቶፑ ሦስት ቀን እሱ ጋ ያድራል። ወሩ ሊዘጋ የቀረው አራት ቀን ነበር። ስለዚህ ከወሩ በኋላ እመለሳለሁ ብዬ ይዤው ወጣሁ። ብሩን ያዳነልኝ የሥራው ጥድፊያ ነው።

ልጁ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የሞከረው እኔ ባመጣሁት ኬብል፣ እኔ ባመጣሁት ሞኒተር ነው። ሦስት ዕቃ አብረው እንቢ ሲሉ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ከሦስቱ ላይ ብቻ አይታወቅም። የሚሠራ መሆኑ የተረጋገጠ አራተኛ ዕቃ ያስፈልጋል። ጥገና ቤት ስትሄዱ ይህን ጠይቁ፤ "በእናንተ ሞኒተር፣ በእናንተ ኬብል ሞክሩልኝ" በሉ። ማንም አይቀየማችሁም።

አራተኛው ዕቃ ሳሎኔ ውስጥ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ ቴሌቪዥን እያዩ ሳለ ከዲሽ ሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደውን ኬብል አየሁት። ኤችዲኤምአይ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ። ፕሮግራሙን አቋርጬባቸው ከሪሲቨሩ ነቀልኩና ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ስክሪኔ ብልጭ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ የኤክሴል ሠንጠረዤ ተዘረጋ።

ተቃጠለ የተባለው መሰኪያ ነው እንግዲህ። ከደስታ ይልቅ ድንጋጤ ነው የተሰማኝ። ሐሳቤን ይዞት የነበረው የሚከፈተው ቦርድ ነበርና።

አሁን ላፕቶፑ ነጻ ወጣ። ሞኒተሩም ሱቅ ውስጥ ሲሠራ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ኬብሉ ነው አልኩ። ትክክል ነበርኩ፤ ግን ግማሹን ብቻ። ኬብሉ ተበላሽቷል ብዬ ነው ያሰብኩት። በማግስቱ ከሌላ ሱቅ፣ ወፈር ያለና ውድ የሆነ፣ ተመሳሳይ ኬብል ገዛሁ። አንዱ ጫፍ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ዲስፕሌይፖርት። ሰካሁት። ኖ ሲግናል።

እዚህ ጋ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ላፕቶፑ ይሠራል። ሞኒተሩ ይሠራል። ኬብሉ አዲስ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ምንም የለም።

የአጎቴ ልጅ ባሕር ዳር አንድ ባንክ ውስጥ ኔትወርክ ላይ ይሠራል። በቴሌግራም ጻፍኩለት። ሌላው ሁሉ "ሪስታርት አድርገሻል?" ሲለኝ እሱ ግን "እታለም፣ ሞኒተሩን ከኋላው ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ኬብሉንም ሁለቱንም ጫፍ" አለኝ። ላክሁ። ወዲያው ደወለ። "ኬብሉ ደህና ነው። ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። አንቺ በተገላቢጦሽ ነው የሰካሽው" አለኝ።

ያስረዳኝን እንደገባኝ ላካፍላችሁ፤ ይህን ያወቀ ሰው ግማሹን የሞኒተር ችግር በራሱ ይፈታዋል።

ኮምፒውተርና ሞኒተር ምስል ከመለዋወጣቸው በፊት ሰላምታ ይለዋወጣሉ። እኛ ቤት እንግዳ ገብቶ ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ደህና ናችሁ፣ ልጆቹስ እንደሚባለው ነው። ኤችዲኤምአይ ውስጥ 19 የብረት ጥርሶች አሉ። ከእነሱ በአንዱ ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልካል። ሞኒተሩ በሌላው ጥርስ "አለሁ" ይላል። ከዚያ ኮምፒውተሩ በሁለት ቀጫጭን መስመሮች የሞኒተሩን መታወቂያ ያነባል። መታወቂያው ትንሽ ነው፤ መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው። ማን እንደሠራው፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ምስል መቀበል እንደሚችል ተጽፎበታል። ኮምፒውተሩ ይህን ካላነበበ ለእሱ ሞኒተር የሚባል ነገር የለም። ዲቴክት ብንል፣ ሪስታርት ብንል፣ ፎርማት ብናደርግ የለም።

ዲስፕሌይፖርትም ሰላምታ አለው። ግን በሌላ ቋንቋ ነው። መስመሩም፣ ምስሉን የሚልክበት መንገድም የራሱ ነው። በ2006 ሲወጣ ከኤችዲኤምአይ ተለይቶ የተሠራ ነው። ታዲያ እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኝ ኬብል እንዴት ኖረ? ይኖራል፤ ግን አብዛኛው የተሠራው ለአንድ ሁኔታ ነው። ኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት ሲሆን፣ ስክሪኑ ወይም ቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ ሲሆን። ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው የዲስፕሌይፖርት መሰኪያ ሁለቱንም ቋንቋ ይችላል። እንዲህ ያለ ኬብል መሰካቱን ሲያውቅ ራሱ በኤችዲኤምአይ ቋንቋ መናገር ይጀምራል። የኬብሉ ሥራ ጥቂት ማስተካከል ብቻ ነው። የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ግን ዲስፕሌይፖርት አይችልም። የሞኒተሩ ዲስፕሌይፖርትም ከራሱ ቋንቋ ሌላ አይሰማም። የእኔ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ "እንዴት አደርክ" ይላል፤ ሞኒተሩ አይሰማውም፤ ኬብሉም አስተርጓሚ አይደለም። አሥር አዲስ ኬብል ብገዛ ያው ነበር።

"ከኤችዲኤምአይ ላፕቶፕ ወደ ዲስፕሌይፖርት ሞኒተር የሚወስድስ የለም?" አልኩት። አለ። ውስጡ አስተርጓሚ ቺፕ ያለው ኮንቨርተር ነው። ብዙውን ጊዜ ኃይል የሚወስድባት ተጨማሪ የዩኤስቢ ጅራት አለችው፤ እሷ ምልክት ናት። ዋጋው ከተራው ኬብል ይወደዳል። ስትገዙ "ከኮምፒውተር ኤችዲኤምአይ ወጥቶ ሞኒተር ዲስፕሌይፖርት የሚገባ" ብላችሁ አቅጣጫውን በቃል ተናገሩ። "ኤችዲኤምአይ ቱ ዲስፕሌይፖርት" ብቻ ካላችሁ የትኛውን እንደሚሰጧችሁ አይታወቅም።

የአጎቴ ልጅ ግን ኮንቨርተር አትግዢ አለኝ። ፎቶው ላይ አንድ ነገር አይቷል። "ከዲስፕሌይፖርቱ ጎን ያለችው ነጯ ሰፊ መሰኪያ ምንድን ናት?"

ያቺን መሰኪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቻታለሁ። ያረጀ ነገር መስላኝ አልፌያት ነበር። ዲቪአይ ትባላለች። በ1999 የወጣች ናት፤ በእርግጥም አሮጌ ናት። ግን ኤችዲኤምአይ የተሠራው በእሷ ላይ ተመሥርቶ ነው። የምስሉ ቋንቋ አንድ ነው፤ የሚለየው የመሰኪያው ቅርጽ ነው። ስለዚህ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ኬብል አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቺፕ የለው፣ ተጨማሪ ኃይል አይፈልግ። በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። የእኔ ሞኒተር 1920 በ1080 ነው፤ ዲቪአይ ይህን ያለ ምንም ችግር ይሸከመዋል። ድምፅ በእሷ በኩል ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ እንጂ፣ የእኔ ሞኒተር መጀመሪያውንም ስፒከር የለውም።

ኬብሉን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የጠየቅኳቸው ሱቆች "እሱ እኮ ድሮ ነው" ይሉኛል። እስኪገኝ ድረስ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ፣ ሞኒተሩ ላይ ወዳለው ሌላ የድሮ መሰኪያ፣ የሚቀይር ትንሽ ኮንቨርተር ከባልደረባዬ ተዋስኩ። ይህ በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ኃይሉን ከራሱ ከኤችዲኤምአዩ ይወስዳል። ሞኒተሩ ላይ ምስል ያየሁት መጀመሪያ በእሱ ነው። ወሩንም የዘጋሁት በእሱ ነው። የፊደሉ ጠርዝ ትንሽ ብዥ ይል ነበር፤ ቪጂኤ የቆየ የአናሎግ መንገድ ነውና። ለቸገረው ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ልብ በሉ፣ ይህም አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቪጂኤ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ኤችዲኤምአይ ስክሪን ለማገናኘት የሚያገለግለው ሌላ ዕቃ ነው፤ መልካቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል።

የዲቪአዩን ኬብል በመጨረሻ መርካቶ አገኘሁት። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከካርቶን ሥር አቧራውን እያራገፉ አወጡልኝ። "ይህን የሚጠይቅ ጠፍቶ ነበር" አሉኝ።

ቤት ገብቼ ሰካሁ። ላፕቶፔ ብልጭ አለ! ሞኒተሩ ግን ኖ ሲግናል። ልቤ ወረደ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ብልጭ ካለ ላፕቶፑ አይቶታል ማለት ነው። ያላየው ሞኒተሩ ነው። የሞኒተሩን ቁልፎች ነካካሁ። ሜኑው ውስጥ ኢንፑት ሶርስ የሚል አለ። በዲስፕሌይፖርት ስሞክር ሰንብቼ እዚያው ላይ ቆልፌው ኖሯል። ባልደረባዬ ቪጂኤውን ስታገናኝልኝ ቀይራው፣ እኔ ስነቅለው መልሼው ነበር። ዲቪአይ የሚለውን መረጥኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ብርሃን ሞላ።

ይህ የኢንፑት ነገር ቀላል ስለሚመስል ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። አንዳንድ ሞኒተር መሰኪያውን በራሱ ይፈልጋል፤ ሌላው ግን የመጨረሻው የተመረጠለት ላይ ይቆማል። በተለይ ያገለገለ ሞኒተር ከሆነ የቀድሞ ባለቤቱ የመረጠው ላይ እንዳለ ሊመጣላችሁ ይችላል። ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሜኑውን ክፈቱና በስም የሰካችሁበትን መሰኪያ ምረጡ። ሞኒተሩ ከታየ በኋላ ማውሱ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድባችሁ ከሆነ ደግሞ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ 1 እና 2 የተጻፈባቸውን ሳጥኖች እየጎተታችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ እንዳሉት አስቀምጧቸው።

ከዚያ ወዲህ ቢሮም ጎረቤትም የሞኒተር ነገር ሲገጥማቸው ይጠሩኛል። ሁሉም የእኔን ዓይነት አልነበረም።

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ዲዛይን የምትማር ልጅ አለች። አባቷ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዝተው ዴስክቶፗ ውስጥ አስገጠሙላት። ከተገጠመ ጀምሮ ሞኒተሩ ጨለመ። ካርዱ የተበላሸ መስሏቸው ሊመልሱት ነበር። ሄጄ ከኋላው አየሁ። የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው ከዩኤስቢና ከኔትወርክ መሰኪያዎቹ ጋር በአንድ ረድፍ ካለው ላይ ነው። እሱ የማዘርቦርዱ ነው። ካርድ ሲገባ የማዘርቦርዱ የምስል መውጫ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። የካርዱ መሰኪያዎች ወረድ ብለው ለብቻቸው ተደርድረዋል። አውርጄ ሰካሁት፤ በራ። ጥገናው ይህ ብቻ ነበር።

የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያው ታሪክ ግን ረዘም ያለ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቢሯችን ውስጥ አንድ ልጅ ላፕቶፑ ላይ ኤችዲኤምአይ የለም፤ ዩኤስቢ-ሲ ብቻ ነው ያለው። ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ሀብ ገዛ። ፍላሽ ያነባል፣ ማውስ ይሠራል፣ ሞኒተር ግን የለም። ሀቡን መለሰና ሌላ ገዛ። ያው ነው። እኔ ያኔ የራሴን ሁለት ኬብሎች አስታወስኩ። ሦስተኛ ከመግዛቱ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ከሥሩ አንብበን ከአምራቹ ገጽ ላይ ዝርዝሩን አየን። የእሱ ዩኤስቢ-ሲ ዳታ ብቻ ነው የሚያስተላልፍ፤ ምስል አያወጣም። የመሰኪያው ቅርጽ ስለ ውስጡ ምንም አይነግርም። አንዱ ዩኤስቢ-ሲ ዳታ ብቻ ነው፣ ሌላው ምስልም ይጨምራል፣ ሌላው ቻርጅም ያደርጋል። ከመሰኪያው አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ምልክት ወይም የመብረቅ ቅርጽ ያለው የተንደርቦልት ምልክት ካለ ምስል ያወጣል። ምልክት ከሌለ የግድ አያወጣም ማለት አይደለም፤ ዝርዝሩን አንብቡ። ኬብሉም እንዲሁ ነው። ከስልክ ቻርጀር ጋር የመጣ ዩኤስቢ-ሲ ኬብል ብዙ ጊዜ ምስል አያሳልፍም። ለልጁ የሠራለት ዲስፕሌይሊንክ የሚባል ቺፕ ያለው አዳፕተር ነው። ይህ ምስሉን በተራ የዩኤስቢ ዳታ ላይ ጨምቆ ይልካል፤ ስለዚህ የምስል መውጫ በሌለው መሰኪያ ላይም ይሠራል። የራሱ ድራይቨር መጫን አለበት። ለቢሮ ሥራ በቂ ነው፤ ለጌም አይሆንም።

የማክ ተጠቃሚ ከሆናችሁ ደግሞ ሁለት ሞኒተር ከመግዛታችሁ በፊት ማሽናችሁ ስንት እንደሚቀበል አረጋግጡ። በ2020 የወጣው ባለ ኤም 1 ማክቡክ ኤር የሚቀበለው አንድ ውጫዊ ሞኒተር ነው። ሁለተኛውን ብትሰኩ አለመታየቱ ብልሽት አይደለም።

መብራትም አለ። ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፣ መጣ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያለ ችግር የሠራ ሞኒተሬ አልታይ አለ። ኬብሉ ያው፣ ኢንፑቱ ያው። ደነገጥኩ። የአጎቴ ልጅ እንዳስተማረኝ የሞኒተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩ። ከዲቫይደሩ ላይ ማጥፋት አይበቃም፤ መንቀል ነው። የምስሉንም ኬብል ነቀልኩ። ተነቅሎ ሳለ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩት። ይህ ውስጡ የቀረውን ኃይል ያወጣዋል። አምስት ደቂቃ ተውኩት። ላፕቶፑንም ሪስታርት አደረግሁ። ሻት ዳውን ብቻ ማድረግ አንዳንዴ አይረዳም፤ ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሳት ሲል ከነበረበት ነገር ከፊሉን ይዞ ስለሚተኛ ነው። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ያስጀምራል። መልሼ ሰካሁ፤ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ደመና ሲጠቁር ሞኒተሩን እነቅላለሁ።

እኔ አሁን አልታይ ያለ ሞኒተር ፊት ስቀመጥ የምሄድበት መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሞኒተሩን ኢንፑት አያለሁ። ቀጥሎ ስሰካ የላፕቶፑ ስክሪን ብልጭ ይላል ወይ? ካለ ዊንዶውስና ፒ። ካላለ ኬብሉን ተከትዬ እሄዳለሁ፤ ከየትኛው ዓይነት መሰኪያ ወጥቶ የትኛው ውስጥ ነው የሚገባው? ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ኬብሉን በሚሠራ ኬብል እቀይራለሁ። ከተለያዩ መጀመሪያ አቅጣጫውን እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው፤ ሁለት ነገር አብሬ ከቀየርኩ የቱ እንደፈታው አላውቅም። ላፕቶፑን በቤቴ ቴሌቪዥን፣ ሞኒተሩን በሌላ ሰው ኮምፒውተር እሞክራለሁ። ቦርድ ስለመፍታት የማስበው ይህ ሁሉ አልቆ ነው። እስካሁን እዚያ አልደረስኩም።

ሁለቱ ኬብሎች መሳቢያዬ ውስጥ ቆዩ። ባለፈው ወር ቢሯችን የስብሰባ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። እዚያ ያለው ዴስክቶፕ ከኋላው ያለው ዲስፕሌይፖርት ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ ነው። ኬብል እስኪገዛ ስብሰባው ይተላለፍ ሲባል ሰማሁ። ወደ ቤት ደውዬ ትልቁ ልጄ በታክሲ እንዲልክልኝ አደረግሁ። ወፍራሙን ኬብል ነው የላከው። ዲስፕሌይፖርቱን ኮምፒውተሩ ላይ፣ ኤችዲኤምአዩን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ። ስብሰባው በሰዓቱ ተጀመረ፤ ኬብሉም እዚያው ቀረ።